ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ሲኬድ፦ ጉማሬ፣ ፏፏቴ፣ ክሬን ወፍ ወይስ ጭላዳ ዝንጀሮ?

መስከረም ሲጠባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ይደውላል። ውጭ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ በድምፅ መልእክት ትልካለች። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «እትዬ ጋ ልመጣ ነው። አራት ቀን አለኝ። ጉማሬ፣ ጢስ ዓባይ፣ ገዳማቱን፣ ሰሜን ተራራን አይቼ እመለሳለሁ፤ ይበቃኛል አይደል?»

አይበቃም። አራት ቀን ያላችሁት አራት ቀን አይደለማ! የመጀመሪያው ቀን የእትዬ ነው። ዶሮው ተሠርቷል፣ ጎረቤቱ ተጠርቷል፣ በረካው ሳይጠጣ ከቤት የሚወጣ የለም። የመጨረሻውም ቀን የእትዬ ነው። በርበሬና ሽሮ ሲቋጠር፣ «ይቺንም ያዝ» ሲባል ይመሻል። በመሃል ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ከተገኘ ደግሞ ግማሽ ቀን እዚያ ነው። እንግዳ ነኝ ብሎ መቅረት የለም፤ እንዲያውም እንግዳው ነው ቀድሞ የሚታየው። ስለዚህ ከአራቱ ሁለት ቀን ተረፈ በሉ። ሆቴል ያረፈ ሰው ይህን ሒሳብ አያውቀውም።

እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። እንግዳ ይዤ ያልወጣሁበት ዓመት የለም። በዚህ ሁሉ ምልልስ ያየሁት፣ ሰው የሚሳሳተው ፎቶ አይቶ ሲመርጥ ነው። መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ነፃ ቀን አለኝ? የምሄደው በየትኛው ወር ነው? አብሮኝ የሚወጣው ማነው? ሦስተኛውን አትናቁት። እትዬ «እኔማ ስንት ጊዜ አየሁት» ብለው ጀምረው፣ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ የሚገኙት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ካላችሁ፦ ጀልባ

ነፃ ቀናችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ጀልባ ያዙ። የቀረውን ባታነቡትም ቅር አይለኝም።

ጣና የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስፋቱን ያየ ጥልቀቱም እንደዚያው ይመስለዋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ ነፋስ ቶሎ ያናውጠዋል። ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ሲያንገጫግጭ ይውላል። ስለዚህ ጀልባ የጠዋት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደብ ብትደርሱ መልካም። 1 ሰዓት ካለፈ ግን አርፍዳችኋል።

ይህን የተማርኩት ተሸውጄ ነው። ዓምና አንድ ባለጀልባ «ጉማሬው የትም አይሄድም፣ ተረጋጉ» እያለ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ አስወጣን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሩቅ ያየነው ጥቁር ጀርባ ስንጠጋው ድንጋይ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ልጅ «ጉማሬው ሞቷል?» ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን የምቆርጠው እኔ ነኝ።

ጉማሬ ሌሊቱን የብስ ላይ ሣር ሲግጥ ያድራል። ሲነጋ ውኃ ይገባል። እሱን የምትፈልጉት ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ነው። በበጋ ውኃው ጎደል ሲል ይበልጥ ይቀላል። ባለፈው ጥር እትዬን ይዤ ወጣሁ። ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ለጥቂት ደቂቃ የሚሰማው ደንገሉን የሚያሻሸው ውኃ ብቻ ነበር። ከዚያ በግራ በኩል «ፉፍፍ» አለ። አንድ ትልቅ ሰው ቡና ላይ የሚተነፍሰው ዓይነት ረጅም ትንፋሽ። ሁለት ትንንሽ ጆሮ ብቅ ብሎ እንደ ዝንብ ተርገበገበ፤ ከጆሮው ላይ ውኃ ተረጨ። ቀጥሎ ዓይን፣ ቀጥሎ አፍንጫ። የተቀረው ያ ሁሉ ሰውነት ከሥር ነው። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እመቤቴን፣ ያየኛል» አሉ። እውነትም ያያቸው ነበር።

ባለጀልባው ራቅ ብሎ ከቆመ አትቆጡት። ጉማሬ በአፍሪካ ብዙ ሰው ከሚገድሉ እንስሳት አንዱ ነው። ሰነፍ መስሎ ይታያል እንጂ ሲቆጣ አይጣል ነው። «ትንሽ ጠጋ በል፣ ፎቶው አይታይም» የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም። ያንን ሰው ዳቦ አስይዙት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር አዞ ነው። ጣና ውስጥ አዞ የለም። አርጃኖ የሚባለው ትልቅ እንሽላሊት ግን አለ፤ ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ ሲያዩት ብዙዎች አዞ ነው ብለው ይጮኻሉ። አዞ የለም ማለት ግን ዋኙ ማለት አይደለም። ቢልሃርዝያ አለ። እግርም ቢሆን ከውኃው ባይነከር ይሻላል።

ከጉማሬው በኋላ ገዳማት ወዳሉበት ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ቀጥሉ። እዚያ የሚያስገርመኝ ደኑ ነው። ከቆየው ልማድ የተነሣ ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት የለም። ሰው የሚኖረው በቡናና በጌሾ፣ በፍራፍሬም ነው። ለዚህ ነው ዙሪያው ተመንጥሮ እሱ ጥቅጥቅ ብሎ የቀረው። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ላይ ቡናው ጥላ ሥር ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ጦጣ በየቅርንጫፉ ትዘላለች። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ካያችሁ ዝም በሉና አዳምጡ። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደግሞ መቅደሱን ዙሪያውን የከበበው ሥዕል አለ። ለእሱ ብቻ አንድ ሰዓት ስጡ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። ከደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤል ለከተማው ቅርብ ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ራቅ ይላል፤ የበርካታ ነገሥታት አፅም ያረፈበት ነው። ሁለቱም ጋ ሴት አትገባም። ይህን ሳይጠይቁ ጀልባ የተከራዩ ባልና ሚስት አውቃለሁ። እሱ ክብራን ገባ፤ እሷ ጀልባው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ከተማ እስኪመለሱ አላናገረችውም። እትዬ ወይም እህታችሁ አብረው ካሉ ዘጌን ወይም እንጦስ ኢየሱስን ምረጡ።

ኪራዩ በጀልባ ነው እንጂ በሰው አይደለም። ስለዚህ አምስት ስድስት ሆኖ መውጣት ያዋጣል። ከዋዜማው ማታ ተነጋገሩ። የት የት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው እንዳለ በግልጽ ተስማሙ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። ስለ እምቦጭ የሚጨነቅ ካለ፣ አረሙ በብዛት የሚያስቸግረው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በኩል ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስትሄዱ ብዙም አያግዳችሁም።

በመንገድ ላይ ታንኳ ታያላችሁ። ከደንገል የታሰረ፣ ቀዛፊው ግማሽ ውኃ ላይ የተቀመጠ የሚመስል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት እጃችሁን አንሡና ሰላም በሉት።

ጢስ ዓባይ፦ ወሩን አይታችሁ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለባሕር ዳር ሰው የተተረተ ይመስለኛል። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ አርባ ዓመት እዚህ ኖሮ ያላየው ጎረቤት አለኝ።

ከጀልባው ጋር ሳወዳድረው ጢስ ዓባይ እንስሳ የሚታይበት ቦታ አይደለም። ጦጣና ወፍ አለ፣ ያ ነው። የሚኬደው ለውኃው ነው። ውኃው ደግሞ በወር ይለያያል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከሆነ ሂዱ። ውኃው ከ40 ሜትር ገደማ ሲወረወር ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ ሸሚዛችሁ ይረጥባል፤ ድምፁ ንግግር ያቋርጣል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ከሆነ ግን አስቡበት። ከፏፏቴው በላይ ያለው ውኃ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ስለሚጠለፍ ለፏፏቴው የሚተርፈው ያንሳል። የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመሩ። በ2010 ደግሞ ውኃውን ከጣና ወደ በለስ ወንዝ የሚወስደው ጣቢያ ተከፈተ፤ እሱ ብቻ 460 ሜጋ ዋት ነው። የገናን ዕረፍት አስታክኮ መጥቶ፣ ብር ኖት ላይ የተሳለውን የሚያህል ፏፏቴ ጠብቆ፣ ገደሉ ላይ ጥቂት ነጭ ክር አይቶ የተመለሰ ዘመድ ስንት አለኝ።

በበጋ ከሄዳችሁ ለድልድዩ ሂዱ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራው የድንጋይ ድልድይ እስከ ዛሬ አለ፤ ገበያተኛው ከነአህያው ይሻገርበታል። ከዚያ በኋላ ዳገት አለ። በክረምቱ ማብቂያ ጭቃ ነው፤ ሸርተት የሚል ጫማ አታድርጉ። የእትዬ ጉልበት ካስቸገራቸው በዳገቱ ሳይሆን በላይ በኩል በጀልባ ተሻግሮ በደልዳላው መሄድ ይቀላል፤ ውኃው በጣም ሲሞላ ግን አያሻግሩም። ግማሽ ቀን ይበቃል። መኪና ኮንትራት ከያዛችሁ የመመለሻውን ጭምር ተነጋገሩ።

ክሬኖቹ፦ ትዕግሥት ላለው

ይህን የሚመርጥ ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን እወደዋለሁ።

ከኅዳር እስከ ጥር ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል የሚመጡ ግራጫ ክሬን የሚባሉ ትልልቅ ወፎች በጣና ዙሪያ ረግረግና ማሳ ላይ ይከርማሉ። እግራቸው ረጅም፣ አንገታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ጥሩምባ። እዚሁ የሚኖሩ ዘመዶችም አሏቸው። አንዷ አናቷ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋች ናት። ሌላዋ ከአገጯ ሥር እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለ ነገር ያላት፣ ከሁሉም የምትረዝመው ናት። ጠዋት ከማደሪያቸው ሲነሡ ወይም ማታ ሲመለሱ ማየት ነው ዋናው ነገር። ግልገል ዓባይ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ፣ ጭምባ፣ አንዱ ጥሩ ቦታ ነው። የፎገራ ሜዳም እንደዚያው፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ማሳው ላይ ተሰማርተው ይታያሉ።

ችግሩ ምንድን ነው? ወፉን የሚያውቅ አስጎብኚ ያስፈልጋል። አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ሌሊት 10 ሰዓት መነሣት ያስፈልጋል። ልጅ ከያዛችሁ ተዉት። በሁለተኛው ደቂቃ «ሄዱ እንዴ?» ይላል፤ እውነትም ሄደዋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ወይም እንደኔ አጎት ዝም ብሎ መቀመጥ የሚወድ ሰው አብሯችሁ ካለ፣ ከፏፏቴው አስበልጣለሁ። በዚያ ላይ እነዚህን ወራት ፏፏቴው ይደክማል፤ እነሱ ደግሞ ይሞላሉ።

ሰሜን ተራሮች፦ አራት ቀን፣ እውነተኛ አራት ቀን

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ያለውን የጸጥታ ሁኔታ የማያውቅ አንባቢ የለም። ጠዋት ክፍት የነበረ መንገድ ማታ ሊዘጋ ይችላል። ከከተማ ለሚያስወጣ ጉዞ ሁሉ፣ ለዚህኛው ደግሞ በተለይ፣ በዋዜማው ሹፌር ጠይቁ። አንድ ሳይሆን ሁለት ሹፌር። በዚያው መንገድ በዚያው ቀን የመጣ ሰው ቃል ከየትኛውም ወሬ ይበልጣል። ሹፌሩ ካመነታ ቅሩ። ተራራው የትም አይሄድም። ገንዘብ አስቀድማችሁ አትክፈሉ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ግን ከዚህ የሚተካከል የለም። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ ሌላ 100። ስለዚህ አንድ ቀን ለመሄድ፣ ሁለት ቀን እዚያ፣ አንድ ቀን ለመመለስ። በሁለት ቀን እመለሳለሁ ያለ ሰው የሚያየው አስፋልት ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ። በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ግን እሱ ላይ ካልወጣሁ አትበሉ። እንስሳቱን ለማየት ሳንቃ በርና ጨነቅ የተባሉት የፓርኩ ማረፊያዎች ይበቋችኋል።

ጭላዳ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የለም። ስለ እሱ የሚደንቀኝ ሰውን አለመሸሹ ነው። በመቶ የሚቆጠር መንጋ ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ሁለት እጁ አያርፍም። በጣቱ ነጭቶ፣ አጠራቅሞ፣ አፉ ይከታል፤ ጎመን የምትቀነጥስ ሴት ነው የሚመስለው። ሣሩ ሲነጭ «ጭር ጭር» የሚል ድምፅ አለው፤ መቶው ሲነጭ መሃላቸው ቁጭ ብላችሁ ብትሰሙት ትንሽ ዝናብ የጣለ ይመስላል። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ራቁት ቆዳ አለው፤ ጎፈሩ እስከ ክርኑ ይወርዳል። ማታ ሲሆን በገደሉ አፋፍ ይወርዱና ቋጥኝ ላይ ያድራሉ። ምግብ አትስጧቸው፤ ቦርሳችሁን ዝጉ።

ዋልያን ለማየት ጨነቅ አካባቢ ዕድላችሁ ጥሩ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ዕድል ነው፤ እኔ በሦስት ጉዞ አንድ ጊዜ፣ ያውም ጀርባዋን አይቻለሁ። ሰማዩ ላይ አጥንት ከላይ ጥሎ ድንጋይ ላይ የሚሰብረውን ትልቅ አሞራ ፈልጉ።

ደባርቅ ላይ የፓርኩን ክፍያ ትከፍላላችሁ፤ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል። ይህ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ብርዱን ግን ማንም በሚገባው መጠን አይነግራችሁም። ከባሕር ዳር በቲሸርት ወጥታችሁ ማታ ከ3,000 ሜትር በላይ ታድራላችሁ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የእትዬን ጋቢ ለምኑ። በመጀመሪያው ቀን አትሩጡ፤ ራስ ምታት ከያዛችሁ ከፍታው ነው። ልባቸውን የሚያማቸው ወይም ደም ግፊት ያለባቸው ዘመዶች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይውጡ። እትዬ ራሳቸው «እኔ ለዝንጀሮ ብዬ ብርድ አልመታም» ብለዋል፤ ቋንጣና በሶ ግን ይሰጧችኋል።

አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። ባሕር ዳርን አስቀድሙ፤ ሰሜንን አስከትሉ፤ መመለሻ አውሮፕላናችሁን ከጎንደር ቁረጡ። አንድ ቀን ታተርፋላችሁ። ስንብቱ ግን ይቀድማል፤ በርበሬው አብሯችሁ ተራራ ይወጣል። የአጎቴ ልጅ ሦስት ኪሎ ሽሮ ይዛ ጨነቅ ደርሳ ተመልሳለች።

«አንበሳስ?» ለሚሉ

ከውጭ የመጣ ዘመድ ይህን ሳይጠይቅ አይሄድም። አለ። በቋራ በኩል፣ ሱዳን ድንበር ላይ፣ አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በካሜራ ተረጋግጧል። ግን ሩቅ ነው፣ ቆላ ነው፣ ለእንግዳ ተብሎ የተዘጋጀ ነገር የለውም። ዘመድ ጥየቃ መጥቶ የሚኬድበት ቦታ አይደለም።

ሁለት ቀን ላለው

አብዛኛው ሰው ያለው ሁለት ቀን ስለሆነ ይህን ልጨምር። መጀመሪያ ጀልባው። ሁለተኛውን ቀን ወሩ ይወስን። መስከረምና ጥቅምት ከሆነ ጢስ ዓባይ፣ ኅዳር እስከ ጥር ከሆነ ክሬኖቹ። ከየካቲት በኋላ ከመጣችሁ ሁለተኛውን ቀን ከተማ ውስጥ ዋሉ። ጠዋት ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፤ ዓባይ ከሥር ሲጠመዘዝ ይታያል። ምሳ ሐይቁ ዳር ትኩስ ቆሮሶ ጥብስ ብሉ፤ አሳው ሳይጠበስ አምጥተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ጀልባውን ስትይዙ ደግሞ ለእትዬ በዋዜማው በጊዜ ንገሯቸው። እኔ አንዴ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነግሬያቸው፣ ድፎው ሊጥ ሆኖ ስላደረ ጀልባው 2 ሰዓት ሙሉ ቆሞ ጠበቀን። ጉማሬው አልጠበቀንም።